ለአባቴ ድምፅ ዝቅ ያለው ጊታር

አሮጌ የጊታር ክር ሲፈታ የሚወጣ ሽታ አለ፤ ዝገትና የእጅ ላብ የተቀላቀለበት። ባለፈው እሑድ ጠዋት የስቲል ጊታሬን ክሮች ልቀይር ብዬ ካቻቢቴውን ሳቀርብ፣ ከክሮቹ ስር ያለው ማግኔት ጫፉን ጎተት አደረገው። ይቺን መጎተት እጄ ያውቃታል። ሥራዬን ትቼ ተቀመጥኩ፤ የእህቴ ሰርግ መጣብኝ።

ስቲል ጊታር አይተህ እንደሆነ አላውቅም። እንደ ሌላው ጊታር አይታቀፍም፤ ጭን ላይ ይጋደምና ለስላሳ ብረት ክሮቹ ላይ ሲንሸራተት ያለቅሳል። የእኔው ደባርቅ ውስጥ ከፈረሰ የኪነት ቡድን ተርፎ የደረሰኝ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዕቃ ነው። ያ ማግኔት ፒካፕ ይባላል፤ የክሩን ድምፅ የሚለቅመው እሱ ነው። ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት ብሎኖች ከፍና ዝቅ ይላል። ወደ ክሩ ካስጠጋኸው ጊታሩ ያገሳል፤ ካራቅኸው ይለዝባል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ መለዘብ የሚባል ነገር የት አውቄ! ለእህቴ ሰርግ ብዬ ፒካፑን ክሩን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አወጣሁት። ሙሽራው የዳባት ልጅ ስለነበረ፣ ቢቻል ዳባት ድረስ እንዲሰማልኝ ነበር ምኞቴ።

አባቴ የደባርቅ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት «ዳባት! ዳባት ቅርብ ናት፣ ግቡ!» እያለ ሲጣራ እኛ ቤት ሆነን እንሰማው ነበር። ያ ጉሮሮ ሰርግ ቤትም ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ዘፋኝ ግጥም ስትጠይቅ ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። በእኛ አገር ግጥም ሲሰጥ ሙዚቃው አይቆምም። ከቆመ ሰጪው እንደ ተዋረደ ይቆጠራል። ሰጥቶ ሳይቀበሉት መቅረት ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

እህቴ በተዳረችበት ዓመት ግን የአባቴ ጉሮሮ ሕመም ገብቶበት ድምፁ ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ነበር። ከሰርጉ በፊት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ግጥም ሲያወጣና ሲያወርድ አየው ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀስና ብቻውን ፈገግ ይላል። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለሷማ ሳልሰጥ አልቀርም» አለኝ።

የሰርጉ ዕለት ዳሱ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጠላ ሽታ ታፍኖ ነበር። በሸራው ቀዳዳ የሚገባው የከሰዓት ፀሐይ የእህቴ ቬሎ ላይ ነጠብጣብ ሠርቷል። ሊወስዷት ሲሉ አባቴ ተነሣ። ዘፋኟ «ይስጡኝ አባባ!» ብላ ማይኩን አፉ ላይ ደገነችለት።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዘፋኟ ራሷን ወዘወዘች። ደገመላት፤ አሁንም አልሰማችም። የሚሰማው የእኔ ጊታር ብቻ ነበር፤ በስሱ ብነካው እንኳ ያገሳል። የጊታሩ የድምፅ መቀነሻ ከድሮም ደርቆ የቀረ ነው። አምፕሊፋየሩን እንዳልቀንሰው፣ ማይኩም የተሰካው እዚያው ላይ ስለሆነ የአባቴም ትንፋሽ አብሮ ይጠፋል። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ሳያውቅ ነው፣ «ጮክ ይበሉ እንጂ አባት!» ብሎ ጮኸ። እህቴ አንገቷን ደፋች። አባቴ ዘፋኟን ትቶ እኔን አየኝ።

ብረቱን አስቀመጥኩ። ደግነቱ ክሮቹን ባዷቸውን ሲመቱ ዜማ እንዲሰጡ በትዝታ ቅኝት ነበር ያሰናዳኋቸው። በግራ እጄ እነሱን እየመታሁ በቀኜ ካቻቢቴውን ከኪሴ አወጣሁና ብሎኖቹን ወደ ግራ ማዞር ጀመርኩ። ማግኔቱ ጫፉን ሲይዘው በስፒከሩ ጓ! ይላል። ሰው «ጊታሩ ተበላሸ» እያለ ሳቀ። ይሳቅ! አንዱን ብሎን፣ ቀጥሎ ሌላውን፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው። መኪና ሊማሊሞን ሲወርድ ድምፁ እየራቀ እንደሚሄድ፣ ጊታሬም ሳያቆም እየራቀ ሄደ። ያኔ የአባቴ ትንፋሽ በማይኩ ተሰማ።

ዳባት ቅርብ ናት ብዬ ሰው እጠራ ነበር፣
ልጄ የሄደች ለት ሆነችብኝ ሌላ አገር።

ዘፋኟ አንዲት ቃል ሳትጥል ተቀበለችው። የዳባት ሰዎች ሳይቀሩ እልልታውን አቀለጡት። እህቴ ከነቬሎዋ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱም ሸክም እንዳወረደ ሰው ቁጭ አለ። እኔ አላለቀስኩም ብልህ ውሸት ነው።

አሁን ሳስበው በሕይወቴ ከተጫወትኩት ሁሉ ያማረው ያ ነው፤ እምብዛም ያልተሰማው።

በተከታዩ ክረምት አባቴ ከአልጋ ዋለ። ሹክሹክታውም ቆመ። ጭጋጉ እስከ ደጃፋችን በወረደበት አንድ ጠዋት በጣቱ ጊታሩን አሳየኝ። ከምንም ሳልሰካው አጠገቡ ተቀምጬ በስሱ መጫወት ጀመርኩ። ጥቂት ሰማና ግጥም እንደሚሰጥ ሰው እጁን አነሣ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ትንፋሽ እንኳ አልወጣም። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ክሮቹን ለራሴም ድምፃቸው እስኪጠፋኝ ድረስ ቀለል አድርጌ መታሁ። ምንም። ከዚህ በኋላ የማወርደው ነገር አልቀረኝም። ቤት ውስጥ ዘፋኝ የለች፤ እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ዘፍኜ አላውቅም። ግን አባቴ ግጥም ሰጥቶ ሳይቀበሉት ሊቀር ነው እንዴ?

ከንፈሩን እያየሁ፣ በዚያ ሻካራ ድምፄ፣ ከራሴ የመጣልኝን ሁለት ስንኝ አዜምኩለት። እሱ ያለው እንዳልነበረ አውቃለሁ። አባቴ ግን እጄን ያዘና፣ አዎ፣ ልክ እንደዚያ ነው ያልኩት እንደሚል ሰው፣ ራሱን ነቀነቀልኝ።