ባሮ የወሰዳት ኳሳችን

ዛሬ አመሻሽ ላይ ሁለት ቡድን ከነዳኛው ባሮ ወንዝ ዳር ቆመን አንዲት ቢጫ ኳስ ቁልቁል ወደ ኢታንግ ስትሄድ አየን።

እኛ የጋምቤላ መምህራንና ባለሱቆች ነን። ለጤናችን ብለን የጀመርነው ጨዋታ ዘንድሮ ጥሎ ማለፍ ደጃፍ አድርሶን ነበር። ዛሬን ማሸነፍ ብቻ ነበር የቀረን።

የሜዳችን ሕግ የታወቀ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ኳሷ ባሮ ከገባች ጨዋታው በዚያው ውጤት ያልቃል። አዞ አለ፣ ማንም አይገባም። ሌላ ኳስም የለንም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ለዜሮ እየመራን ሳለ ተከላካያችን ከድር ደንበኛ መጣበትና ሱቁን ሊከፍት ሮጠ። (ፕሮፌሽናል ነን ያለ ማን አለ?) እሱ ስኳር ሲመዝን እኛ ላይ ጎል ገባ።

ተመልሶ ሜዳ እንደገባ ኳሷን አገኛትና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ባሮ ለጋት። ከዚያ እጁን ዘርግቶ "አለፍን!" እያለ ወደ እኛ ሮጠ።

"ከድሬ፣ አንድ ለአንድ ነን እኮ" አለው በረኛችን ኦሞድ፣ ቀስ ብሎ።

የሚገርመው ማንም አልተቆጣም። ኳሷ ወደምትጠልቀው ፀሐይ እየተንሳፈፈች፣ ቀስ በቀስ እያነሰች ሄደች። ከድር ራሱ መሃላችን ቆሞ "ታምራለች አይደል?" አለ።

እውነትም ታምር ነበር።

ኢታንግ ያላችሁ፣ ጠዋት ወንዙን እዩልን። ከዚያ በታች ማታር ያላችሁም ተዘጋጁ፤ እኛ ባናልፍ እሷ ታልፋለች።

ቡድኑን ከውድድር እንዲህ በደስታ ያስወጣ ሰው እናንተም ጋ ካለ ጻፉልኝ። ከድር ዛሬ ሱቁን ዘግቶ ኮሜንታችሁን እየጠበቀ ነው።