ወንድሜ ከሩጫ ያሳረፈኝ ዓመት

ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲመለስ ቀኝ እግሩን ይጎትት ነበር። ወታደር ሳለ ጥሩ ሯጭ ነበር፤ አንድ ቀን ልምምድ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰና ሩጫውም ውትድርናውም በዚያው አበቃ። ከዚያ ገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ሆነ። የስፌት መኪናውን የሚረግጠው በግራ እግሩ ብቻ ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ነው፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ከሴቶቹ የምትቀድመኝ አልነበረችም። የወልቂጤ ተማሪዎች በጭነት መኪና መጥተው ከእኛ ጋር ሊወዳደሩ ነው ሲባል፣ ከትምህርት በኋላ ዳገቱን እየወጣሁ እየወረድኩ መሮጥ ጀመርኩ። እግሬ ላይ የነበረው ሶሉ ያለቀ ሸራ ጫማ ነው። ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ከመኝታዬ ስነሳ ተረከዜን ከኋላ በኩል ይይዘኝ ጀመር። ትንሽ ስራመድ ስለሚለቀኝ ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ጠዋት ግን ግድግዳ ይዤ ስወጣ ወንድሜ አየኝ።

«ነይ እስቲ፣ ተቀመጪ» አለኝ። ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ሲያደርገው ዘለልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሲሞቅ ይተወኛል እኮ ጋሼ።»

«እኔንም ይተወኝ ነበር። የዳነ መስሎኝ ሮጥኩበት። የዚያን ቀን ሰው ከኋላዬ በእርግጫ የመታኝ መሰለኝ። ማን ነው ብዬ ስዞር ማንም የለም።»

ይህን ከዚያ በፊት ነግሮን አያውቅም። እናታችን የምትቆርሰውን ቆጮ አስቀምጣ ወደ እሱ ዞረች።

ወንድሜ ዳገት መሮጥ ከለከለኝ። ውድድሩም እንደሚያመልጠኝ ነገረኝ። አኮረፍኩት፤ ሲያናግረኝ አልመልስም። እሱ ግን ከሥራው ከተረፈ ወፍራም ጨርቅ ደራርቦ፣ ጫማዬ ውስጥ ከተረከዜ ሥር የሚገባ ነገር ሰፋልኝ። ሐኪም ቤት ሳለ የተማረውንም አሳየኝ፤ ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሬ ጣቶች ቆሜ ተረከዜን ወደ ታች ማውረድ። «ቀስ፣ ቀስ» ይለኛል ከመኪናው ሳይነሳ። ሕመሙ ሲለቀኝ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ አስጀመረኝ፤ ያውም ሜዳ ላይ ብቻ። አንድ ቀን አብዝቼ ከሮጥኩ በማግስቱ ያሳርፈኛል።

የወልቂጤ ልጆች መጥተው አሸንፈውን ሄዱ። ዳር ቆሜ እያየሁ አለቀስኩ።

በሚቀጥለው ዓመት ሲመጡ ግን ሮጥኩ። ሁለተኛ ወጣሁ። ሣሩ ላይ ቁጭ ስል ወንድሜ ሰው እየገፋ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና ስለ ውጤቱ ምንም ሳይለኝ ጅማቴን ዳሰሰ።

«ያምሻል?»

«ምንም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለና ሳቀ። ከተመለሰ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ የስፖርት አስተማሪያችን ሱቁ ድረስ መጥተው ተማሪዎቹን እንዲያለማምድላቸው ጠየቁት።

«የሚያነክስ አሠልጣኝ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሱቁን ዘግቶ ወደ ሜዳው ወረደ፤ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ረስቶት።