ለድርና ለማግ የተጠራ ዋስ

ዛሬ ጠዋት ሥራ ቦታ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ የምጽፍበት ፕሮግራም አዲስ እትም እንደወጣለት የሚናገር ትንሽ መስኮት ብቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ዘግቶት ወደ ሥራው ይገባል። እኔ ግን ሳላስበው ስልኬን አንሥቼ የአባቴን ቁጥር መፈለግ ጀመርኩ። "አለ፣ አባ" ልለው ነበር። አባቴ ባለፈው የብርድ ወራት ነው ያረፈው። ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩ፤ መስኮቱን ግን አልዘጋሁትም።

ነገሩ የቆየ ነው። ያኔ ከውትድርና ወጥቼ ትምህርቴን የጨረስኩ፣ ሁሉን እችላለሁ የምልና ሁሉን የምፈራ ልጅ ነበርኩ። ሁለተኛው ጠባይ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አፉላ ከተማ፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው ማትናስ፣ የሰፈሩ ሰው ለትምህርትም ለስብሰባም በሚገባበት ቤት፣ ለትልልቅ ሰዎች ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ከጎንደር የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ኮምፒውተሩ የሚያናግራቸው በዕብራይስጥ ስለሆነ ገና ሳይጀምሩት ይደክማቸዋል። ፈልጌ ፈልጌ አንድ ነፃ የቢሮ ፕሮግራም አገኘሁ፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል፣ ሠንጠረዥ ይሠራበታል። የውስጥ አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው፤ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ያሻሽሉታል፣ አንድ ትልቅ ኩባንያ ደግሞ ስሙን ይዞ ያስተዳድረዋል። አማርኛ ግን አልነበረውም። እኛ እናስገባለታለን አልኩ፤ ምን ውስጥ እንደገባሁ ሳላውቅ።

ክፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሽማግሌዎች ሸንጎ ሆነ። ለእያንዳንዷ ትእዛዝ ቃል ስንፈልግ እማ ዝናሽ የሚባሉ ሳቂታ እናት አንድ ይላሉ፣ ሌላው ይቃወማል፣ የአፉላ ሰው ሲደሰትም ሲጨነቅም የሚቆረጥመው የተቆላ የሱፍ ፍሬ፣ ገርዒኒም፣ ጠረጴዛው ላይ ይቆለላል። የገርዒኒሙ ጨው በየኮምፒውተሩ ፊደል መሐል እየገባ ስንቱን አበላሸብኝ። የሠንጠረዡ የቁም መስመርና የአግድም መስመር ምን ይባሉ በተባለ ጊዜ አባ ተገኘ ተነሡ። አባ ተገኘ አገር ቤት ሸማኔ ነበሩ።

"ቁሙ ድር ነው፣ አግድሙ ማግ ነው። ምን ያከራክራል?" አሉ።

ማንም አልተከራከረም። ቃላቱ ፕሮግራሙ ውስጥ ገቡ፤ አባ ተገኘም ክፍል በመጡ ቁጥር መጀመሪያ ሠንጠረዡን ከፍተው ድርና ማጋቸው ቦታቸው ላይ መሆናቸውን ያያሉ።

ከዚያ ኩባንያው ተሸጠ። የገዛው ሌላ ኩባንያ ስለ ፕሮግራሙ ትንፍሽ አይልም፤ ይቀጥልበት ይዝጋው የሚያውቅ የለም። በጎ ፈቃደኞቹ ሲጨነቁ ከርመው፣ በመጨረሻ ጠቅልለው ሊወጡ ወሰኑ። ሥራውን ማንም ሊሸጠው በማይችል፣ ለትርፍ ባልቆመ የራሳቸው ድርጅት ሥር ሊያኖሩት ነው። ለየቋንቋው ቡድን መልእክት መጣ። ቃሉ የሠሪዎቹ ስለሆነ የሠራበት ሰው ሁሉ መስማማት አለበት፤ አንድ ሰው እምቢ ካለ የዚያ ቋንቋ ሥራ እዚያው ከተሸጠው ጋር ይቀራል። የሰጡን ጊዜ ልክ የስግድ በዓላችን ሲቃረብ ያልቃል።

እኔ ማን እምቢ ይላል ብዬ ነበር። እንዲህ ያለው ድርጅት በዕብራይስጥ አሙታ ይባላል፤ ክፍል ገብቼ በደስታ "ወደ አሙታ ልንዛወር ነው" አልኳቸው። የገርዒኒሙ ድምፅ ሁሉ ቆመ።

ሰዎቹ ስንት አሙታ አይተዋል። ፎቶ አንሥቶ የጠፋ አለ፣ ክፍል ከፍቶ ዓመት ሳይሞላው የቆለፈ አለ። አንዱማ የአባ ተገኘን ሸማዎች ለትርኢት ብሎ ወሰደ፤ ሸማውም ሰዎቹም እንደወጡ ቀሩ። እጃቸው የሠራው የመጨረሻ ሸማ እሱ ነበር። ስለዚህ አስረድቼ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼም ሌሎቹን እሺ አሰኘሁ፤ አባ ተገኘ ግን ቆባቸውን አድርገው ተነሡ።

"ዋስ ጥሪ" አሉኝ።

ድርጅቱን ለማቋቋም ከሚሯሯጡት አንዱ ጀርመን የሚኖር ደግ ሰው እንደሆነ፣ እሱን ዋስ ላደርገው እንደምችል ነገርኳቸው። አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ድምፃቸው ለሰስ አለ።

"ልጄ፣ ዋስ ማለት ነገር ሲበላሽ ሄጄ በሩን የማንኳኳው ሰው ነው። የጀርመኑን በር በየት ዞሬ ላንኳኳው?"

ያን ሰሞን ሻራቩ፣ ያ ደረቅ የበረሃ ነፋስ፣ ሸለቆውን አቧራ አልብሶት ነበር። ዝናብ ዘግይቷል፤ ከኮረብታው ላይ ስናይ የስንዴው ማሳ ሁሉ ቡናማ ነው። ከሥራ ስወርድ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ፈላፈል እገዛለሁ፤ ከሁለት ጉርሻ በላይ አይወርድልኝም። ወታደሩ፣ ተማሪው፣ ሁሉም የሚሳፈርበትን ያውቃል፤ እኔ ግን ቆሜ ስልኬን አያለሁ። መልእክቶቹ እየበዙ መጡ። የዚህ ቋንቋ ቡድን ተስማማ፣ የዚያኛው ተስማማ፣ የአማርኛውስ? የሁለት ዓመት ሥራ፣ የእነዚያ ሁሉ እናቶች ሳቅና ሙግት፣ በእኔ አንደበት ድክመት ሊቀር ነው እያልኩ ቀልቤ ተገፈፈ። ደግሞ አባ ተገኘን ልቀየማቸው አልቻልኩም። ዋስ መጠየቃቸው ልክ ነው። ድርጅቱ ገና አልተመዘገበም፤ እኔ ራሴ ሰዎቹን አይቻቸው አላውቅም።

አባቴ አለመብላቴን አይቶ ጠየቀኝ። አባቴ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ነገር የማያበዛ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሁሉን ነገርኩት።

"ሰዎቹን ታውቂያቸዋለሽ?"

"በጽሑፍ ብቻ።"

"አይሸጡትም?"

"እንዳይሸጥ ብለው ነው የሚወጡት። ግን አባ፣ ነገ ተጣልተው ይበተኑም ይሆናል።"

ገርዒኒሙን ቆርጥሞ ገለባውን በጥንቃቄ ሳህኑ ላይ አደረገና "በሴደር" ብሎ ተነሣ። ምኑ በሴደር እንደሆነ አልገባኝም። የምሆነውን ባጣሁበት ሰዓት መልካም ነው ብሎኝ መሄዱ እንዲያውም አናደደኝ።

በሚቀጥለው ትምህርት ቀን በሩ ተከፍቶ አባቴ ገባ። የሰንበት ኮቱን ለብሷል። ማትናሱን ረግጦት አያውቅም ነበር። ሁሉም ቦታ ሊለቅለት ተነሣ፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ አባ ተገኘ ፊት ቆሞ፣ ዋስ ሊሆን እንደመጣ ተናገረ።

"ለአሙታው ዋስ ነህ?" አሉት አባ ተገኘ።

"አሙታውን አላውቀውም። ዋስ የሆንኩት ለልጄ ነው። እሷ አለ ካለች አለ። ከጠፋ የእኔን በር ያውቁታል።"

አባ ተገኘ ዞረው አዩኝና "ተስማምቻለሁ" አሉ። እማ ዝናሽ እልል አሉ። ደስ አለኝ ብል ዋሸሁ። እኛ መሐል ሰው ዋስ ሆኖ ካዋረደው ስሙ ተመልሶ አይነሣም፤ አባቴ ደግሞ ከስሙ ሌላ ብዙ ነገር አልነበረውም። ያን ስም፣ ፊታቸውን አይተን በማናውቃቸው ሰዎች እጅ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

መልሱን ላክሁ፤ ከሌሎቹ ጋር ወጣን። ድርጅቱ ተመዘገበ። የእኔ ጭንቀት ግን ገና መጀመሩ ነበር። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ለአባቴ "አለ" እለዋለሁ፤ እሱም "በሴደር" ይላል፤ ወሬው በዚህ ያልቃል። አንድ ዝናባማ ቀን የድርጅቱ ገጽ አልከፈት አለ። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ቆሜ ደጋግሜ ብሞክር የለም። ተበተኑ አልኩ፤ በዓይኔ የታየኝ በራችን ላይ የቆሙት አባ ተገኘ ናቸው። ሁለት አውቶቡስ አመለጠኝ። ለካ ገጹን የያዘው ማሽን ተበላሽቶ ኖሯል፤ አመሻሹ ላይ ተመለሰ። ለአባቴ ያን ቀን ምንም አልነገርኩትም።

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ግማሽ ኪሎ ገርዒኒም ገዝቼ ወደ ጊቫት ሃሞሬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ስለዚያ ድርጅት አሰብኩ። ስንት ጊዜ ተጨቃጨቁ፣ ስንት ጊዜ አበቃለት ተባለ፤ ግን ቆሟል። በየአገሩ እንደ እኔ እንቅልፍ ያጣ፣ ከጀርባው ስሙን ያስያዘለት ሰው ያለው ብዙ ሰው ስላለ ይመስለኛል። አሙታ ሲሉት ሰው የሌለበት ስም ይመስላል እንጂ፣ በር ያላቸው ሰዎች ናቸው ያቆሙት። እንዲህም እያልኩ መፍራቴን አልተውኩም።

አባ ተገኘ በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። አዲሱን እትም ነገርኳቸው።

"አባትሽ ሁልጊዜ እየመጣ ይነግረኝ ነበር" አሉ። "አለ ይለኛል፣ ገርዒኒም እንቆረጥማለን፣ ይወርዳል። ካረፈ ወዲህ የነገረኝ የለም።"

አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት፣ "በሴደር" ብሎኝ ስልኩን ከዘጋ በኋላ፣ ኮቱን ለብሶ ዳገቱን ይወጣ ኖሯል። እንባዬን መያዝ አልቻልኩም፤ እሳቸውም አላባበሉኝም።

"እንግዲህ ዋሴ ሞተ። ዋስትናውን ላውርድለት?" አሉኝ።

"አያውርዱት። የእኔንም በር ያውቁታል።"

በእጃቸው ዳብሰው ከከረጢቱ አንድ ጭብጥ ገርዒኒም ዘገኑ። 

"ድሩም ማጉም አለ?"

"አለ፣ አባ ተገኘ።"

"በሴደር" አሉ፤ ልክ እንደ አባቴ።