መስመሩን ያልለቀቀች

ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ። ነቀምቴ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሜዳ የግራው መስመር ኖራ እኩሌታው ላይ ቆመ። ቦንቱ ሮቤራ ኖራውን በቆርቆሮ ይዛ ከማዕዘኑ እስከ መሀል ድረስ ካሰመረች በኋላ ደረቴን አለች፤ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሆስፒታል ወሰዷት። እሑድ ተቀበረች። ቀሪውን መስመር ማንም አልጨረሰውም፤ ሰኞ የጣለው ዝናብ የተሰመረውንም አጠበው።

በቀብሯ ላይ የሕይወት ታሪኳ ሲነበብ "ዝነኛ ሯጭ ነበረች" ተባለ። አልነበረችም። ከቡድኑ ልጆች ጋር ስትሽቀዳደም የምትቀድመው በረኛዋን ብቻ ነበር፤ እሷንም ቢሆን በረኛዋ ጓንቷን ስታወልቅ ከዘገየች ነው። ቦንቱ የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበረች፤ ዳር ቆማ ከሩቅ የሚላከውን ኳስ የምትቀበል። ለዚያ ቦታ የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው የሚሉ ሰዎችን ዕድሜዋን ሙሉ ስትከራከር ኖራለች። ሞታ መልስ መስጠት ስላልቻለች ብቻ ሯጭ ልትባል አይገባም።

ያደገችው ሲሬ ነው። እናቷ አዴ አዳነች አውቶቡስ መቆሚያው ላይ የተቀቀለ በቆሎ ይሸጡ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ ሲቆም ረዳቱ ዋቅወያ ፖርቶ መጋላው ላይ ይወጣና የነጋዴዎቹን ዕቃ ወደ ታች ይወረውራል። ታች ቆሞ የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። ከባድ ከባዱን ጎልማሶቹ ይቀበላሉ፤ ቀላል ቀላሉን፣ የባዶ ጀሪካን እስሩን፣ የልብስ ፌስታሉን፣ የነጠላ ጫማ ካርቶኑን፣ ቦንቱ መቀበል ጀመረች።

"ኮቱ፣ ኢንተላ! ያዢ!" ይላታል ዋቅወያ። ነይ፣ አንቺ ልጅ፣ ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ዓይኗን ዕቃው ላይ ትተክል ነበር። አንድ ቀን የጀሪካን እስር አፏን መትቶ የፊት ጥርሷን ሸረፈው። እናቷ፣ "በቃ! ሁለተኛ እዚያ እንዳላይሽ!" አሉ። በማግስቱ እዚያው ተገኘች። ከዚያ ወዲያ ግን የምታየው ዕቃውን ሳይሆን የዋቅወያን ትከሻ ነበር። ትከሻው ዞር ሲል፣ ዕቃው ገና ከእጁ ሳይወጣ፣ እሷ ወደሚወድቅበት ሄዳለች።

"ይቺ ልጅ ዕቃውን አይደለም፣ ሐሳቤን ነው የምትቀበለኝ" ይል ነበር ዋቅወያ እየሳቀ።

ዩኒቨርሲቲ ገብታ ለሴቶች ቡድን ስትመረጥ የግራ ክንፍ ተሰጣት። ያን ጊዜ ሜዳው መቀመጫ አልነበረውም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ይቆማል፤ ሽማግሌዎች ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ይቀመጣሉ፤ ጨዋታው ሲሞቅ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እዚያ የሚጫወት የክንፍ ተጫዋች ሁሉ ሳይታወቀው ሰውን እየሸሸ ወደ መሀል ይጠጋል። ሜዳው ይጠብባል፤ ጨዋታው መሀል ላይ መተራመስ ይሆናል። ቦንቱ ግን አልጠጋም አለች። ተረከዟን ኖራው ላይ አድርጋ፣ ለሕዝቡ ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች።

"ኢንተላ፣ ባጃጅ ነው የምትጠብቂው?" ይላታል ከኋላዋ አንዱ።

"አዎ። ሞልቶ የመጣ ስለሆነ አሳልፌው ነው።"

አሰልጣኙ ኃይለማርያም ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የስፖርት መምህር ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቆሞ የሚጠብቅ ተጫዋች ማየት ግን ያመዋል።

በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዋንጫ ተገናኙ። ጠዋት የዘነበው ዝናብ ኖራውን አጥቦት ስለነበር መስመሩ የሚታወቀው ዳርና ዳር በተተከሉት ባንዲራዎች ብቻ ነበር። ሕዝቡ ደግሞ ከባንዲራዎቹ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ቦንቱ በግራ በኩል ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞረች ሰላም አለች። ከፊት ጃንጥላ ይዘው የተቀመጡት ኦቦ ታፋ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

"አካም ጅርቱ፣ አባ? የተቀመጡት ሜዳው ውስጥ እኮ ነው።"

"እኔ እዚህ መቀመጥ ስጀምር ሜዳው የት ነበር? ይልቅ እሱ ይጠጋልኝ!"

ዙሪያው ሳቀ። ቦንቱም ሳቀች።

"እሺ፣ ይቀመጡ። እኔ 'ካኣ!' ብዬ ስጮህ ግን ይነሱልኝ። እናንተም ሁላችሁ ወደ ኋላ።"

"ካኣ ካልሽማ እንነሳለን" አሉ። በኦሮምኛ ተነሱ ማለት ነውና።

የመጀመሪያው አጋማሽ ጥፋት ብቻ ሆነ። ከመሀል ኳስ የምታከፋፍለው ሸዋገነት የምትባል የደሴ ልጅ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ ረጅም ላከችላት። አንዱ በእግሯ መሀል ሾለከ፣ አንዱ ወጣ፣ ሦስተኛውን ጭቃ ላይ ተንሸራታ አጣችው። ኃይለማርያም ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። "ወደ መሀል ግቢ! ቦንቱ! ግቢ!" አልገባችም።

በእረፍት ሰዓት ሸዋገነት ላይ ዞረባት። "አንቺስ ምን አስበሽ ነው የምትልኪላት?"

"እዚያ ስላለች ነዋ እቴ! ሌሎቹን ፈልጌ ነው የማገኛቸው። ለእሷ ሳላይ ነው የምልክላት።"

ወደ ቦንቱ ዞረ። "አንድ ኳስ። አንድ ብቻ ይበላሽብሽና ትወጫለሽ። ለከርሞም እዚያ ቦታ ላይ ተከላካይ እተክልበታለሁ።"

ቦንቱ እግሯ ላይ ያለውን ጭቃ በእንጨት እየፋቀች፣ "የጠፋው ጠፋ፣ መምህር" አለችው። "እኔ የሚመጣውን ነው የምጠብቀው። እዚያው ሆኜ።"

ሁለተኛው አጋማሽ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንድ ለዜሮ እየተመሩ ነበር። ሸዋገነት መሀል ላይ ኳሱን አገኘች። ቦንቱ ኳሱን አላየችም፤ የሸዋገነትን ወገብ ነው ያየችው። ወገቧ ወደ ግራ ሲዞር ቦንቱ ተነሳች፤ የሄደችው ግን ወደ ግቡ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ነው።

"ካኣ!"

ኦቦ ታፋ ጃንጥላቸውን እንደያዙ ተነሱ። ሰዉ እየተጋፋ ወደ ኋላ ተከፈተ። ቦንቱን የምትጠብቀው ተከላካይ እንግዳ ናት፤ መስመሩ የሰዎቹ እግር የቆመበት መስሏታል። ኳሱ ያንን ቦታ ሲያልፍ እጇን አነሳች፤ "ወጣ!" ብላ ቆመች። የመስመር ዳኛው ባንዲራዎቹን አየ፤ እጁን አላነሳም። ኳሱ ኦቦ ታፋ ተነስተው በሄዱበት ቦታ ላይ ወረደ፤ ቦንቱ ቀድማ ደርሳ እየጠበቀችው ነበር። በግራ እግሯ አብርዳ ወደ መሀል አሻማችው። አጥቂዋ ሐሴት በጭንቅላቷ አስገባችው።

"የተቀመጥኩበት ቦታ ነው ያገባው!" አሉ ኦቦ ታፋ።

ዋንጫውን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸንፈው አጡት። በቀብሩ ላይ "ዋንጫ ያስገኘች" የተባለውም በዚሁ ይታረም። ያገኘችው ሌላ ነው። ከጨዋታው በኋላ ኃይለማርያም አጠገቧ መጥቶ፣ "ከርሞም እዚያው ቁሚ" አላት። ከዚያ በኋላ ወደ መሀል ግቢ ያላት የለም።

ተመርቃ እዚያው ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ክፍል ተቀጠረች፤ የሴቶቹን ቡድን በረዳትነት ታሰለጥን ነበር። ዘንድሮ የመጣው ዋና አሰልጣኝ ልጆቹን በሰዓት እያስሮጠ መረጠ፤ ከዲጋ የመጣችውን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሊሊሴን ዘገየች ብሎ ከግራ ክንፍ አነሳት። ቦንቱ ቢሮው ድረስ ሄደች። ምን እንደተባባሉ የሚታወቀው በግድግዳው ያለፈው ብቻ ነው፦ "ሰዓትህ የሚለካው ልጅቷ ስትሮጥ ነው። እሷ የምትጫወተው ከመሮጧ በፊት ነው።" ቅዳሜ በሚደረገው ጨዋታ እንድትሞከር ተስማማ፤ ለአንድ ጨዋታ።

ሐሙስ ልምምድ ላይ ሊሊሴ አራት ኳስ አበላሸችና ወደ መሀል መጠጋት ጀመረች። ቦንቱ ጠራቻት።

"አምስተኛውን ጠይቀሻል?"

"አፍሬ ነው፣ አዴ ቦንቱ።"

"ማፈሩን ለእኔ ስጪኝ። አንቺ እጅሽን አንስተሽ ጠይቂ። እዚያው መስመሩ ላይ ሆነሽ።"

ጠየቀች። አምስተኛውን ያዘች፤ ስትይዘው ግን የግራ ታኬታዋ ተተረተረ።

ዓርብ ጠዋት፣ ኖራውን ከመያዟ በፊት፣ ቦንቱ ታኬታውን በፌስታል ይዛ በባጃጅ መናኸሪያው አጠገብ ወደሚሰራው ጫማ ሰፊ ወደ ቢራቱ ሄደች።

"አሁንም የግራው ነው? አሁንም የውጪው ጎን?" አለ ቢራቱ እያገላበጠ። "ልጆቹን መስመር ላይ ታስሪያቸዋለሽ እንዴ?"

"እኔ አላስርም። እነሱ ናቸው አንለቅም የሚሉት። ድርብ ስፋው።"

"ድርብ ከሆነ ትጠብቂያለሽ።"

"መጠበቅ እችላለሁ።"

ቆማ አሰፋች። ክሩን በጣቷ ሳበችው፣ አንድ ቦታ ላላ ብሎ አገኘችውና መልሳ ሰጠችው፤ ቢራቱ እያጉረመረመ ደገመው። ተመልሳ የሴቶች ማደሪያ በር ላይ ሊሊሴን አስጠራቻት፤ ታኬታውን አድርጋ ጥቂት እንድትራመድበት አደረገች። አውራ ጣቷ ጋ ጫን ብላ አየች። ልክ ነበር። ፌስታሉን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ኖራውን ልታነሳ ወደ ሜዳው ሄደች።