ለማሲንቆው የሰጠሁት ግጥም

ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ በስደት ሳለሁ፣ አንድ አዝማሪ በመጣ ቁጥር አርብ ከሰዓት በኋላ ከሐጂ ሱቅ ጀርባ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ማሲንቆ እንሰማ ነበር። ሐጂ ከረሃቡ ብዙ ዓመት ቀድመው ሱዳን የገቡ ያገራችን ነጋዴ ነበሩ። ለአዝማሪው የገመድ አልጋቸውን አንገረቡን ያወጡለታል፤ ሌላው ሰው መሬት ላይ ይቀመጣል። የማሲንቆውን ጭራ የለመነው ከአንድ ጋሪ ጎታች ፈረስ ነበር። ፈረሱም እንደ እኛ የከሳ ነበርና ጭራው ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል።

ሰው የሚመጣው ለዘፈኑ ብቻ አልነበረም። አዝማሪው በእህል ጫኝ ሎሪ ላይ እየተሳፈረ ባሱንዳና ወድ ኤል ሒለው እስከሚባሉት የስደተኛ መጠለያዎች ይደርሳል። ዘመድ የጠፋበት ሰው ተነሥቶ ግጥም ይሰጠዋል፤ የማን ልጅ፣ የየት አገር ሰው እንደሆነም ጮክ ብሎ ይናገራል። እሱ ደግሞ በየመጠለያው ያንኑ እየዘፈነ ያፈላልጋል።

እኔ የምፈልገው አባቴን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ቤት እንደገባሁ ረሃቡ ጠናብንና አብረን ወጣን። ድንበሩ ላይ ወንዙን አሻገረኝ፤ ከኋላ የደከሙ ጎረቤቶቻችንን ላምጣ ብሎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

በሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ግጥሜን በወረቀት ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ሰርዤ አስተካከልኩት። አዝማሪው ማንበብ ስለማይችል ወረቀቱን ለሐጂ አቀበላቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አነበቡለት።

አባዬ ቀረህ ወይ መንገዱ ተዘግቶ፣
ልጅህ ገዳሪፍ ናት ጆሮዋ ተከፍቶ።

«ሐጂ፣ ልጃገረድ የሆኑት መቼ ነው?» አለች አንዲት ሴት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አዝማሪው ግን ደጋኑን እንዳነሣ የግጥሙ ባለቤት ራሷ ተነሥታ እንድትናገር ጠበቀ። አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት ቆይቶ የሌላ ሰው ግጥም ተቀበለ፤ በማግስቱም የእኔን ሳይዝ ሄደ።

እስኪመለስ ሦስት አርብ አለፈ። ምናልባት አባቴ ከአንዱ መጠለያ ተቀምጦ ሲሰማው፣ የሰው ሁሉ ልጅ ስትጣራ የእሱ ዝም ስትል ይታየኝ ነበር።

ሲመለስ ተነሣሁ። «ተቀበል» አልኩት፤ ድምፄ አልወጣም፤ ደገምኩት።

«እሺ እታለም፣ ስጪኝ» አለ።

ግጥሜን፣ የአባቴን ስምና አገራችንን ተናገርኩ። እንዳይጠፋበት ስሙን ሁለቴ በማሲንቆው ደገመው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ወድ ኤል ሒለው ላይ ግጥሜን ሲዘፍን አንድ ሽማግሌ ብድግ አሉ አለኝ።

«ያንቺ አይደሉም። እሳቸውም ልጅ ጠፍታባቸዋለች። አባቷን የምትጠራ ልጅ እዚያ ካለች የኔንም ትጥራልኝ ብለውሻል።» ስሟንና አገሯንም ነገረኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዝማሪው በመጣ አርብ ሁሉ ሁለት ጊዜ እነሣ ነበር፤ አንዴ ለአባቴ፣ አንዴ ለማላውቃት ልጅ። አዝማሪው ስሟን ተቀብሎ ሲዘፍን፣ ከኋላ ከተቀመጡት አዲስ መጪ ሴቶች አንዷ ትነሣ እንደሆን ብዬ ዞር እላለሁ።