ለሙከራ ወርዶ የቀረው ትምህርት ቤታችን

በደሉን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ የመንገዱ ወሬ እንዳይሸፍነው። በደርግ ዘመን ከገዘር ከተማ በላይ ዳገቱ ላይ ያለችው መንደራችን ሁለት ክፍል ተገጣጣሚ ትምህርት ቤት በእጇ ሠራች። ቀርከሃ ቆርጠን፣ ሰንጥቀን፣ በባሕር ዛፍ ፍሬም ላይ ጎነጎንን። ከጂንካ የመጣው ባለሙያ አንድ መለኪያ ዱላ ሰጥቶን ነበርና ግድግዳዎቹ ሁሉ እኩል ናቸው። የትኛውም ከየትኛውም ይገጥማል፣ በብሎን ይታሰራል፣ ይፈታል፣ አራት ሰው ይሸከመዋል። «ሜዳ ላይ ለሙከራ እንግጠመው፤ ከዚያ ትመልሱታላችሁ» ተባልን። በትከሻችን አውርደን መኪና መንገዱ ዳር፣ ታችኛው መንደር አቆምነው። እንግዶች በላንድሮቨር መጡ፣ ፎቶ አነሱ፣ ሄዱ። ትምህርት ቤቱ እዚያው ቀረ፤ የእኛ ልጆች ዛፍ ሥር ቀሩ። በደሉ ይህ ነው።

ሐሙስ፣ ሊነጋጋ ሲል

ጂንካ ሄጄ ትምህርት ቤቱን ላስመልስ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ወጣሁ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ «እማዬ፣ ያስሩሻል» አለችኝ።

«ካሰሩኝ ስንቅ አምጪልኝ» አልኳት።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ከሸበትኩ በኋላ ነው። የልጅ ልጄ አስቴር እስክትሸብት አልጠብቅም። በጋውን ትልልቆቹ ልጆች ወርደው መማር ይችላሉ። ክረምቱ ሲገባ ግን በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው ወንዝ ሕፃን አያሳልፍም። ስሻገረው ውሃው ገና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር። ደመናው ግን ከዳገቱ ጀርባ መከማቸት ጀምሯል።

ሐሙስ ረፋድ፣ ታችኛው መንደር

ትምህርት ቤታችን ቆሟል። ምስጥ እንዳይበላው ከሥሩ የደረደርነው ድንጋይ እንኳ አልተነቃነቀም። ግድግዳውን ጭቃ መርገውታል፤ ጥግ ላይ ግን ጉንጉኑ ይታያል። እጄን አሳረፍኩበት። ውስጥ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ። አስቴርን የምታክል ልጅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ።

ከቤት ይዤው የወጣሁት ቁጣ እዚያ ላይ ትንሽ ተደናቀፈ። ሁለቱንም ክፍል አስመልሳለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት።

በቆሎና ፍየል በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ሾፌሩ ኑሩ ዕድሜዬን አይቶ ጋቢና አስቀመጠኝ።

«እማማ፣ ምን ሊሸጡ ነው?»

«ምንም። ጂንካ ትምህርት ቢሮ ገብቼ ስለ ትምህርት ቤታችን ልጠይቅ ነው።»

«ቢሮ? በዚህ ጊዜ? እኔ የፍየል ዋጋ ለመጠየቅ እንኳ ግራ ቀኝ አይቼ ነው!»

ሳቅን። መኪናው ቁልቁለቱን ሲንገጫገጭ የራሳችንን ሞኝነት አሰብኩ። በእኛ አገር ደቦ የጠራ ቆጮ ያበላል፣ ከቡና ገለባ የተፈላ ሸፈሮ ያጠጣል፣ በተራውም መጥቶ ይሠራል። ለትምህርት ቤቱ ግን የራሳችንን ስንቅ ይዘን ወጣን። ደቦ ላይ «ለማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ጠሪው ይታወቃላ። የዚያን ጊዜ ጠሪው ማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ዓርብ፣ ጂንካ

ሐሙስ ከሰዓት «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩና የቤተ ክርስቲያን እህቴ ቤት አደርኩ። ከተማው መሀል ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ላሞች ሣር ይግጣሉ። በዳሩ አልፌ ቢሮ ስደርስ በሩ ገና አልተከፈተም ነበር። ፀሐይዋ ከፍ ስትል አስገቡኝ።

«ከየት ነሽ?» አለ ኃላፊው። ልጄ ይሆናል በዕድሜ።

«ትምህርት ቤቱን ከሠራው መንደር።»

«ትምህርት ቤቱን የሠራው አብዮቱ ነው።»

«ጓድ፣ አብዮቱ ቀርከሃ ሲሰነጥቅ አላየሁትም።»

በር ላይ የቆመው ዘበኛ ጉሮሮውን ጠረገ። ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። «ይህን ንግግር ሌላ ቤት ብትናገሪው የት እንደምታድሪ ታውቂያለሽ?»

ጠረጴዛውን ይዤ ቆምኩ። «አውቃለሁ። ግን ለምን እዚያ እንደቀረ ይንገሩኝና እሄዳለሁ።»

«እንግዳ ሲመጣ መኪና የሚደርሰው እዚያ ነዋ! ዳገት ላይ ማን ያየዋል?»

«ልጆቹ።»

ኃላፊው ሳቀ። «እሺ፤ የታችኛው መንደር ገበሬ ማኅበር ከፈቀደልሽ ፈትተሽ በጀርባሽ ተሸከሚው።» ዘበኛውም ሳቀ።

«አንተ ሰምተሃል አይደል?» አልኩት ዘበኛውን።

«ሰምቻለሁ» አለ፣ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታችኛው መንደር

ኑሩ ከገበያ መልስ አወረደኝ፤ የመኪናውን ሞተር አጥፍቶም ቆመ። «ልጠብቅዎት» አለ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሰዎች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰብስበዋል፤ አንዳንዱ ከማሳው እንደመጣ ገጀራውን ይዟል።

«ልታፈርስብን መጣች!» አለች አንዲት ሴት። «ልጆቻችንን ዝናብ ላይ ልትጥል!»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ማርቆስ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛቸው። «ይናገሩ፣ እማማ።»

«ኃላፊው እናንተ ከፈቀዳችሁ ብሏል። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህን ስንሠራ ማን አበላን?»

«መንግሥት ነዋ» አለ ማርቆስ። «የሠሩት ሰዎች ተከፍሏቸዋል፣ ትምህርት ቤቱንም ሸጠዋል ነው የተባልነው።»

«አልተከፈለንም። አልሸጥንም። የማንም ሸፈሮ ጉሮሯችንን አላረጠበም። ከራሳችን ቤት ቆጮ ቋጥረን ነው የሠራነው። ለሙከራ ተብሎ ነው ያወረድነው።»

ያቺ የጮኸችው ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «በባዶ ሆዳቸው?» አለች ለጎረቤቷ። «እኛ ሳናበላ የሰው ደቦ በላን ማለት ነው?» ገጀራ የያዙት ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ደመናው አጉረመረመ፤ ሁላችንም ቀና ብለን አየን።

ማርቆስ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። «ሁለቱንም ነው የሚፈልጉት?»

በመስኮት ያነጋገረችኝ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ታየኛለች።

«አንዱን» አልኩ። «የእናንተን ልጆች ሜዳ ላይ ላስቀምጥ አልመጣሁም። ሁለት ክፍል ነው፤ ሁለት መንደር ነው።»

ከኋላ ያሉት ተንሾካሾኩ። ማርቆስ ዞሮ አነጋገራቸው፤ ቆዩ። እኔ ብሎኑን እያየሁ ቆምኩ። ሲመለስ ኮፍያውን አውልቆ ነበር።

«እማማ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ሰኞ ጠዋት ፈትተን በትከሻችን እናመጣላችኋለን። እናንተ እሳት እንኳ እንዳታነዱ፤ ቆጮውንም ሸፈሮውንም ይዘን የምንመጣው እኛ ነን። ደቦው የእኛ ነው።»