ልጄ ሳትወጣ የተቆጣው ሰውየ

የመጨረሻ ልጄ ዓረብ አገር ተይዛ ነበር። እስር ቤት አይደለም ይሉኛል፣ መጠለያ ነው ይሉኛል፤ በሩ ከውጭ ለሚቆለፍ ቤት እኔ ሌላ ስም አላውቅለትም። ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ አሠሪዋ ፓስፖርቷን አልሰጥም ስትላት ጥላት ወጣች። ከዚያ ፖሊስ አገኛትና ከመሰሎቿ ጋር እዚያ አስገቧት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ደወለች። ድምጿ ደስ ብሎታል። «እማየ፣ በዚህ ሳምንት ሳልወጣ አልቀርም» አለችኝ። ከኤምባሲያችን አንድ ሰው አለ አሉ። ጠዋት ጠዋት እየመጣ፣ ከዚያ አገር ሹሞች ጋር ሻይ እየጠጣ፣ እየሳቀ፣ እየለመነ፣ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ልጆች ያስወጣል። ተራው እነሱ ጋ ደርሷል። እኔም ጉና ሥር ላለችው እህቴ ድንች ላኪልኝ አልኳት፤ ልጄ የደብረ ታቦር ገበያው ድንች አይጥማትም።

እንግዲህ እኔ ያለሁት ከትልቁ ልጄ፣ ካባትሽ ቤት አይደል? ሲመሽ ዜና ተከፈተ። ለመንግሥት የሚናገረው ሰውየ፣ ቃል አቀባይ የሚሉት፣ ወጣ። አንቺም ታውቂዋለሽ። ሁልጊዜ ወረቀቱን ይዞ «በቅርበት እየተከታተልን ነው፣ እየተነጋገርን ነው» ይላል። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ እሱን መስማት ነው የሚበጀኝ።

ያን ሰሞን እዚያው ልጄ ካለችበት አገር አንዲት የኛ ልጅ ከምትሠራበት ቤት ሬሳዋ ወጥቶ ነበር። የዚያ አገር ሹም ስለሷ ሲጠየቅ «ሠራተኛ ናት፣ ሌላ ትመጣለች» አለ ተባለ። ጋዜጠኛው ይኸን ሲያነሣበት ሰውየው ወረቀቱን አጠፈው። መነጽሩን አወለቀ። «እነዚህ ሰዎች እግዜርን አይፈሩም? ልጅ አልወለዱም? ከንግዲህ ከነዚህ ጋር በጨዋ ደንብ አንነጋገርም፤ ነውረኞች ናቸው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታው።

ቤቱ ተገለበጠ። አባትሽ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ጎሽ! ወንድ!» ይላል። ጎረቤታችን ጨው ልትበደር መጥታ በር ላይ እንደቆመች እልል አለች።

«ልጅቱስ?» አልኩ።

«የቷ ልጅ፣ እማየ?»

«የኔ ልጅ። የያዟት እነሱ አይደሉም?»

«እማየ፣ ይኸ እኮ የአገር ክብር ነው።»

«ክብሩ ነገ ይደርሳል። ልጄ ትውጣና ከዚያ ይሳደብ።»

ጎረቤታችን ሳቀች። «ውይ እትየ! እርስዎ ደግሞ እንዲህ ፈሪ ነዎት?» አለችኝ። ፈሪ! ጨውሽን ይዘሽ ሂጂ አልኳት።

ፍርሃት አይደለም። በኛ አገር ከብትሽ የሰው አዝመራ ከገባ ባለ አዝመራው ነድቶ ከበረቱ ያስረዋል። አንቺ ሽማግሌ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ከደጅ ቆመሽ «እንደምን ዋላችሁ፣ ጥፋቱ የኛ ነው» ትያለሽ። በሬሽን ደብድቦት ጎኑ ተልጦ ብታዪ እንኳ እንዳላየሽ ትሆኛለሽ። የበላው ይገመታል፣ ካሳው ይነገራል፣ በሬው ይፈታል። በሬሽ ካጥሩ ወጥቶ ወንዙን ሲሻገር፣ ከዚያ ወዲያ ያሻሽን ብትናገሪ ማን ከለከለሽ? አያትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንድ ሰኔ አላስችል አለው። የበሬውን ጎን ደም ለብሶ ሲያየው ሽማግሌዎቹ ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ «አንተ አረመኔ!» ብሎ ጀመረ። እውነቱን ነው፣ ሰውየው አረመኔ ነበር። ሊፈታው የያዘውን ገመድ መልሶ ቋጠረው። አያትሽን አገሩ ሁሉ አወደሰው፤ እኛ ግን ያን ክረምት ባንድ በሬ ቀረን። ባንድ በሬ አይታረስም።

ሐሙስ ልጄ ደወለች። ድምጿ ወርዷል።

«በሩ ተዘጋ፣ እማየ። የኤምባሲውን ሰውየ ከበር መለሱት። ተቆጥተዋል አሉ።»

«ማን ነው የተቆጣው?»

«ሁሉም።»

በማግስቱ ነጠላየን አጣፍቼ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንን ጉዳይ የሚያይ አንድ ወጣት አለ፤ ትሑት ነው፣ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ ንግግሩን ሰሙት? ሁላችንም ነው የኮራነው።»

«እኔ በልጄ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

«ትንሽ ይታገሡ። ነገሩ በረድ ሲል…»

«ማን ነው ያሞቀው?»

ከፊቱ ያለውን ወረቀት ማደራረብ ጀመረ።

«ያን ሰውየ የምታገኙበት የላችሁም? ሰዎቹን ይቅርታ ይበላቸው።»

«ይቅርታ? እንዴ፣ እማማ! ሰው የሞተብን እኛ፣ ይቅርታ የምንል እኛ?»

«ለሞተችው ምን ልታደርጉላት ነው? እኔ በሕይወት ስላለችው ነው የምጠይቅህ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ወደ በላይ አይነገርም» አለኝ። ሻይ ሊያዝልኝ ነበር። ሻዩን ልጄ ያለችበት ሄዳችሁ ጠጡላት ብየው ወጣሁ።

ዳገቱን ስወጣ ደከመኝና ካንድ ድንጋይ ላይ አረፍ አልኩ። የሟቿን እናት አሰብኳት። እሷ ያን ቁጣ ስትሰማ አንጀቷ ቅቤ ሳይጠጣ አልቀረም። እኔም የኔዋ እንደሷ ብትሆን ጠረጴዛ የሚመታልኝ እሻ ነበር። ግን የኔዋ አልሞተችም። ይኸን አንድ ነገር የሚሰማኝ ሰው አጣሁ።

የባሰው ደግሞ ከራሷ ከልጄ መጣ። ሌላ ቀን ስትደውል ያን ሰውየ ረገምኩት።

«ኧረ እማየ፣ አትርገሚው!» ብላ ጮኸች። «ባንዲት ልጅ ስልክ ተሰብስበን አየነው። ተቃቅፈን አለቀስን። እዚህ ከመጣሁ ሰው ስለኛ ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

«እሱማ ተቆጥቶ ቤቱ ገባ፣ ራቱን በላ። የቀረሽው አንቺ ነሽ።»

«ይሁን።»

«ይሁን ትያለሽ? በማን ልጅ ነው ይሁን የምትይው?»

ስልኩ ጠፋ። ሒሳቡ አልቆ ይሁን ተናዳ፣ እስካሁን አልነገረችኝም።

ክረምቱ ገባ፤ ፍልሰታም ተፈታ። ከሌላ አገር አስታራቂ ገባና «ወንድሞቻችን» መባባል ተጀመረ። ያ ሰውየም «በቅርበት እየተነጋገርን ነው» ወደ ማለቱ ተመለሰ። አባትሽ «ይኸ ደግሞ ለሰለሰ!» ብሎ ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ተነሣ። ተወው አልኩት። ንግግሩ ሲያደነዝዘኝ እንደዚያ ምሽት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እጄን ዘርግቼ መረቅሁት። የኤምባሲው ሰውየም ሻዩን ወደ መጠጣቱ ተመለሰ። ያወጣት እሱ ነው። እሱን ማን አየው? ማን እልል አለለት?

መስቀል ሲደርስ መጣች። ከባሕር ዳር በሚኒባስ አመጧት። ከስታለች፤ ትከሻዋ የኔን የአሮጊቷን መስሏል። ጎረቤቱ አልቅሶ፣ ስሞ ሲበተን ምግብ አቀረብኩላት። አንድ ሁለት ጉርሻ እንደበላች ያ ሰውየ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለ፤ ስለ ማዳበሪያ ነው መሰለኝ የሚያወራው። ልጄ እጇን ከገበታው መለሰችና ብድግ አለች፤ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደምንነሣው።

«ምን ሆነሽ ነው? ተቀመጪ፣ ብዪ።»

«ይጨርስ፣ እማየ።»

«ስለ ማዳበሪያ እኮ ነው የሚያወራው!»

«ይጨርስ» አለች።

ቆመች። ደጅ ለደጅ ስንከራተት የከረምኩት እኔ እዚያው አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ሰውየው ደግሞ አይጨርስም፣ ጋዜጠኛው ሌላ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይቀጥላል። ወጡ ቀዘቀዘ። እያጉረመረምኩ ሳህኑን ከፊቷ አነሣሁት፤ ጓዳ ገብቼ አሞቅሁና መልሼ አቀረብኩላት።